አባዬ የጀልባውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈነው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ፤

ዓምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። ብዙ ጊዜ የትዳር ጉዳይ ስለሚነሳበት የእኔ ነገር እዚህ ይገባ እንደሆነ እንጃ። ግን የምነግረው ሰው አጣሁ።

የ28 ዓመት ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። 31 ዓመት ብረታ ብረት አስተምሮ ነው ጡረታ የወጣው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ አሮጌ የብረት ሞተር ጀልባ ገዛ። ድሮ ሐይቁ ላይ እንግዳ ያዝናና የነበረ ነው አሉ። ኋላ አንድ ግቢ ውስጥ ተጥሎ ስንት ክረምት ወረደበት። ቆራርጠው በኪሎ ሊሸጡት ዋጋ ሲነጋገሩ አባዬ ደረሰ። ርዝመቱ ስምንት ሜትር ይጠጋል። ከፊት ትንሽ ክፍል አለው፤ ሁለት ጠባብ አልጋ፣ ክብ መስኮት፣ የእንጨት መሪ። በኢሱዙ ሲመጣ በሩ አላስገባው ብሎ አጥራችን ፈርሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈር ልጆች አባዬን «ጋሽ ኖኅ» ነው የሚሉት። «ጋሽ ኖኅ፣ ዝናቡ መቼ ነው?» ይሉታል። እሱም «እናንተ ስትባልጉ!» ይላቸዋል።

ያደስነው አብረን ነው። ብየዳ ያስተማረኝም እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ግራይንደሩን ይይዛል፣ እኔ በሽቦ ብሩሽ እከተላለሁ። ዕቃችን ብዙ አይደለም። አንድ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ሁለት ክሪክ። ማሽኑ ሲነሳ የጎረቤት ቴሌቪዥን ስለሚርገበገብ የኳስ ቀን አንሠራም። ሞተሩን ፈታትቶ ፋሻውንም ጓርኒሲዮኑንም ቀየረ። የተነሳ ቀን፣ ግቢውን ለሰርቪስ ቤት የምትፈልገው እማዬ እንኳ እልል ብላለች።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አዳማ ቅርንጫፍ የተሻለ መደብ ማግኘቴን ነገርኩት። የካቲት ላይ እሄዳለሁ። «ጎሽ የኔ ልጅ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

በሁለተኛው ሳምንት ከሞተሩ ሥር ያለውን ጭቃና ዘይት ስጠርግ ካቻቢቴዬ ወለሉ ውስጥ ገባ። እስከ እጀታው። ሳወጣው በቀዳዳው የግቢያችን ሣር ታየኝ። አባዬ ቤት ውስጥ ነበር። በጨርቅ ሸፍኜው ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልነገርኩትም። በሳምንቱ ስመለስ ቦታው የመኪና አካል በሚለሰንበት ስቱኮ ተደፍኗል። በላዩ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ተቀብቷል። ከሁለታችን አንዳችንም ሳናነሳው ይኸው ኅዳር ገባ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጎረቤታችን ጥር ላይ ልጃቸውን ይድራሉ። አባዬ ሙሽሮቹን ከነሚዜዎቻቸው ሐይቁ ላይ አዙሬ ፎቶ አስነሳለሁ ብሏል። 12 ሰው ነው። 20,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ለጣሪያው ቱቦላሬና ቀለም ገዝቶበታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ጋ ደውዬ ብነግረው «አንቺ ከአባዬ ልትበልጪ ነው?» አለኝ። በሕይወቴ አባቴን ተሳስተሃል ብዬው አላውቅም። ዝም ብል ሰው ሊሞት ነው። ብናገር ደግሞ አባቴን የገደልኩት ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ጓንቱ የሰፋኝ፣ ከሐዋሳ

የኔ ልጅ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው «እናንተ ስትባልጉ» የሚለው ላይ ሳቅሁ። በሁለተኛው ሣሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። በጀልባ ወለል ሣር ማየት! በሦስተኛው ቀኖቹን ቆጠርኩ። ወደ ቀኖቹ እመለሳለሁ።

አንዱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ያ ጀልባ በዚህ ጥር ሰው ጭኖ ሐይቅ አይገባም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር። እኔም የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ ነው። ሐይቃችን ከፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ሲያዩት ገራም ነው። ጥልቅ ቦታው ግን 22 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጠዋት ጸጥ ብሎ ያረፈደው ውኃ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሌላ ነው። የሠርግ ፎቶ ደግሞ ከሰዓት ነው። ቬሎ ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አንዴ ያጠበ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ይሂድ አይሂድ የሚለውን ትተን፣ «አይሄድም» የሚለው ቃል ከማን አፍ ይውጣ የሚለውን እንነጋገር። እኔ ከአባትሽ አፍ እንዲወጣ ነው የምፈልገው። አንቺም እሱን የምትፈልጊ ይመስለኛል።

ስለ ብረት የማውቀው ድስት ከማጠብ አያልፍም። ስለዚህ ማንነታችሁን ሳልገልጽ፣ የጭነት መኪና ካሶኒ ሲበይዱ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ስቱኮ ለመኪና ፊት ነው፤ ለጀልባ ሆድ አይሆንም» አሉኝ። ዝገት ቀለም ስለተቀባበት ሥራውን አያቆምም፣ ከሥር እየገፋ ስቱኮውን ያነሳዋል፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ይሰነጥቀዋል አሉ። በላዩ ሌላ ላሜራ ደርቦ መበየድስ አልኳቸው። እሱንም አልወደዱትም። በሁለቱ ብረቶች መሃል እርጥበት ይቀራል። የሳሳው ብረት ደግሞ እሳት አይችልም፤ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ጎኑ ይቀደዳል።

አንድ የገረመኝ ነገር ነገሩኝ። እኔ ጀልባ የሚበሰብሰው ከውጭ፣ ከሐይቁ ውኃ የተነሳ ይመስለኝ ነበር። የብረት ጀልባን በብዛት የሚበላው ግን ሆዱ ውስጥ የቀረ ውኃ ነው። ያ ጀልባ ሽፋን ሳይኖረው ስንት ክረምት ዝናብ ጠጥቷል። ዝናቡ ከዘይትና ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይወርዳል። ዝቅ ያለው ቦታ ሞተሩ ሥር ነው። ወለሉን የያዙት የጎድን ብረቶች ሥር ውኃ እንዲተላለፍ የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ በጭቃ ሲደፈኑ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኩሬ ይሆናል። ካቻቢቴሽ የገባው እንግዲህ ከእነዚህ ኩሬዎች አንዱ ውስጥ ነው። ሌሎቹም መኖራቸው አይቀርም።

«ታዲያ 31 ዓመት ያስተማረ ሰው ይህን ያጣዋል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «እንዴት ያጣዋል? ተማሪውንማ በዚህ ይጥለው ነበር።» ቀጥለው የሸሚዛቸውን ኮሌታ ወደ ታች ሳብ አደረጉ። አንገታቸው ሥር፣ ከአጥንቱ በላይ፣ ምስር የሚያካክሉ ነጫጭ ጠባሳዎች አሉ። ብዙ ናቸው። «ከታች ወደ ላይ ስትበይጂ ፍሙ የሚወርደው እዚህ ነው» አሉኝ። ያን ቦታ ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። ሞተሩ ካልወረደ ሰውየው ከጀልባው ሥር በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ ሊበይድ ነው። በ67 ዓመቱ። ያውም ያንን ላሜራ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ቀኖቹ። አራት ዓመት ሙሉ ያልቸኮለ ሰው ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አዳማ እንደምትሄጂ ነገርሽው። ወሩ ሳያልቅ ስቱኮ ገዛ። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለጎረቤታችሁ ቃል የገባው መቼ ነው? አዳማን ከነገርሽው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም። በኋላ ከሆነ ሠርጉ ሰበብ ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን አባትሽ የሚሽቀዳደመው ከጥር ጋር አይመስለኝም። ከየካቲት ጋር ነው። አንቺ ሳትሄጂ ያ ጀልባ ውኃ እንዲነካ ፈልጓል። ሞተር አውርዶ ላሜራ ቆርጦ መቀየር ደግሞ ያለ አንቺ የማይሆን፣ ብዙ ቅዳሜ የሚበላ ሥራ ነው። «ቆይልኝ» ሊልሽ ነው? አባቶች እንዲህ አይሉም። ስቱኮ ይገዛሉ።

ሌላም ያልጠየቅሽው ጥያቄ አለ። ጨርቁን ያነሳው ማን ይመስልሻል?

ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍነሽ ወጣሽ። ስትመለሺ በስቱኮ ተደፍኗል። በመሃል ጨርቁን አንስቶ ያየ ሰው አለ፤ ጨርቁን ማን እንዳደረገውም ያውቃል። አባትሽ ማየትሽን ያውቃል ማለት ነው። ዝም ማለትሽንም ያውቃል። አንቺ ዝም ስላልሽ እሱም ዝም ማለት የሚቻል መሰለው። ይህን የምልሽ ጥፋተኛ ላደርግሽ አይደለም። እንዲያውም ይህ ነገር በር ይከፍትልሻል። «አባዬ ተሳስተሃል» የሚለው ቃል ከአፍሽ አልወጣ ካለ፣ አትበዪው። አያስፈልግሽም። በራስሽ ጀምሪ። «አባዬ፣ ያን ጨርቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ልነግርህ ሲገባኝ ፈራሁ።» ይህን ለማለት ድፍረት አያንስሽም፤ እውነትም ነው። ከዚያ ዝም በይ። እሱ ይናገር። ቶሎ ላይናገር ይችላል፤ ግራይንደሩን አንስቶ ዲስክ ሊፈታና ሊያስር ይችላል። ይፍታ።

ቀኑን ምረጪ። እናትሽ እድር የምትሄድበት፣ ወንድምሽ ያልመጣበት፣ ጎረቤትም በአጥሩ በኩል የማያይበት ይሁን። ይህን የምልሽ ቀምሼው ነው። አባቴ ሴይቼንቶ የምትባል ትንሽ የፊያት መኪና ነበረችው። የእጅ ፍሬኗ ስለማይዝ ድንጋይ ከጎማው ሥር ያደርግ ነበር። አንድ የፋሲካ ቀን እንግዳ በተሞላ ቤት፣ ወጣት ነኝ፣ አፌ አያርፍም፣ «አባባ መኪናውን በድንጋይ ነው የሚያቆመው» ብዬ አስቄ ተናገርኩ። ከእንግዶቹ ጋር አብሮ ሳቀ። በሦስተኛው ሳምንት መኪናዋን ሸጣት። ለምን እንደሸጣት ማንም አልጠየቀውም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ፍሬኑ መሠራት ነበረበት፣ ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆኔ እስከ ዛሬ አላስደሰተኝም።

ነገሩ ከተከፈተ በኋላ አባትሽን ወደ መምህርነቱ መልሺው። ለምሳሌ መዶሻና ጠመኔ ያዢና «ድምፁን አስተምረኝ» በይው። አዛውንቱ እንደነገሩኝ ደህና ላሜራ በትንሽ መዶሻ ሲመታ ይጮኻል፣ ያስተጋባል። የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዴ መዶሻው ራሱ ይሰምጣል። አንቺ ምቺ፣ እሱ ይስማ፣ የታመመውን በጠመኔ ክበቡ። ጥርጣሬ ባለበት ቦታ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ አውጥታችሁ ውፍረቱን ለኩ፤ ቀዳዳው በኋላ በብየዳ ይዘጋል። እሳቸው ሲሠሩ 4 ሚሊ የነበረ ላሜራ 3 ሚሊ ደርሶ ካገኙት ይቆርጡታል። ይህን ሁሉ አባትሽ ከእኔም ከሳቸውም በላይ ያውቀዋል። ቁም ነገሩ ማወቁ ላይ አይደለም። ጀልባው ጠመኔ በጠመኔ ሲሆን ግቢው ውስጥ የቆመው እውነት ያንቺ ቃል መሆኑ ይቀራል። አንቺ አልፈረድሽበትም፤ ብረቱ ነው የተናገረው።

ስለ ጥገናው ብዙ አልልም፣ እናንተ የእጅ ሥራው ባለቤቶች ናችሁ። ግን ሽማግሌው አደራ ያሉኝን ሳላደርስ አላልፍም። ሞተሩ ከወረደ ብየዳው ከላይ ወደ ታች ይሆናል፣ ያኔ ያንቺ እጅ ይበቃል። የበሰበሰው ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥ። የሚገባው ቁራጭ ማዕዘኑ ክብ ይሁን፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ አንድ ጣት ያህል እዚህ፣ አንድ ጣት ያህል በተቃራኒው ወገን እያላችሁ ሂዱ። በአንድ ትንፋሽ ዙሪያውን ከበየዳችሁት ላሜራው ይቆለመማል። የጸዳ ብረት በዚያው ቀን የኤፖክሲ ቀለም ይቀባ፤ በሐዋሳ ጤዛ አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ቀይ ዱቄት ነው የምታገኙት። የድሮ የብረት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ግራይንደር ሲነሳ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የናፍታው ታንከር ደግሞ ከጀልባው ይውጣ፣ ከግቢው ዳር ይቀመጥ። «ባዶ ነው» እንዳትሉ። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ያዩት ነገር ያለ ይመስለኛል፣ አልጠየቅኋቸውም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የላምባና የኖራው ነገር ነው። አባትሽ ድሮ ለተማሪዎቹ አሳይቶ ይሆናል፣ ጠይቂው። ብየዳው ካለቀ በኋላ ከውጭ በኩል መስመሩን ኖራ በውኃ በጥብጣችሁ ቀቡት፣ ነጭ ሆኖ ይድረቅ። ከውስጥ በኩል በዚያው መስመር ላምባ ቀቡ። ላምባ ዓይን የማያየውን ቀዳዳ ፈልጎ ያልፋል። ቀዳዳ ካለ ነጩ ኖራ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቅ ይላል፣ እንደ ዘይት ጠብታ ይሰፋል። ሳትነኩት አሳድሩት። ነጥብ ያለበት ቦታ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፤ ከዚያ በፊት ግን ላምባው በደንብ ይጠረግ፣ ይናፈስ፣ እሳት ነውና። ታዲያ ቀጠሮውን ከጥር አንሱትና እዚህ ላይ አድርጉት። ጀልባው ውኃ የሚገባው ኖራው ነጭ ሆኖ ያደረ ቀን ነው። ጎረቤት «መቼ ነው?» ሲል አባትሽ የሚመልሰው ነገር አገኘ። የሚያሳፍር መልስም አይደለም።

ጣሪያውም አሳስቦኛል። ቱቦላሬ ከብዶ ከላይ ሲቀመጥ ጀልባ ይናወጣል። 12 ሰው ደግሞ ለፎቶ ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የሚሄደው፤ ፎቶ አንሺው «ወደዚህ ወደዚህ» እያለ። ጀልባው የሚገባበት ቀን ሲደርስ ከሰው በፊት ጄሪካን ጫኑ። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። ሦስቱ አንድ ቀጭን ሚዜ ይሆናል። ዳር ላይ፣ ጥልቅ ባልሆነ ግን ጀልባው መሬት ሳይነካ በሚንሳፈፍበት ውኃ ውስጥ፣ ሁሉንም በአንድ ጎን ደርድራችሁ እዩት። ለሰው ሁሉ የሕይወት ጃኬት ሳይገዛ፣ መንገደኛ ለማሳፈርም ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ሳይወጣ፣ ብር መቀበል እንደማይሆን አባትሽ አያጣውም። ቸኩሎ ነው።

ስለ ቀብዱ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ቱቦላሬ ሆኗል። ሠርጉ ግን ገና ሁለት ወር አለው፤ አሁን ቢነገራቸው ሌላ ጀልባ ለመከራየት ጊዜ አላቸው። ከፍቅር ሐይቅ የሚነሱ፣ ሥራቸው የሆኑ ሰዎች አሉ። ሳምንቱ ሲቀር ቢነገራቸው ግን ቅያሜ ነው። ቤታቸው ሄዶ የሚነግራቸው አባትሽ ይሁን፤ «ብረቱን ከፍቼ ሳየው አላስደሰተኝም» ቢል ማን ይንቀዋል? እንዲያውም ያከብሩታል። 20,000ውን በአንድ ጊዜ መመለስ ከከበደው፣ እቁብ ይኖርሻል ብዬ ልገምት፣ ከዚያ ልትሸፍኚ ትችያለሽ። ግን «ልስጥህ» አትበይው፣ አይቀበልሽም። «አራት ዓመት ሠርቼበት ድርሻ የለኝም እንዴ? ድርሻ ልግዛ» በይው። ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጀልባው የሁለታችሁ ነው። ሙሽሮቹ ከፈለጉ እናንተ ግቢ መጥተው ከጀልባው ፊት ቆመው ይነሱ። ነጭ ተቀብቷል፣ ክብ መስኮት አለው፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ፣ ጫማ አይበሰብስም።

እምቢ ቢልስ? ሊል ይችላል። ተቆጥቶ ሊነሳ፣ ሁለት ሳምንት ላያነጋግርሽ ይችላል። ታገሺው፤ ግን ጥር ሲቃረብም እዚያው ላይ ከቆመ፣ ለሙሽሪት እናት ትነግሪያቸዋለሽ። ከመንገርሽ በፊት ግን ለእሱ አሳውቂው። «አባዬ፣ አንተ ካልነገርካቸው ሐሙስ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ከጀርባው አይሁን። ወንድምሽንም በዚያን ጊዜ ጥሪው እንጂ አሁን አይደለም፤ አሁን ቢመጣ ሁለት ለአንድ ሆናችሁ የምትወቅሱት ይመስለዋል። ወንድምሽ «ልትበልጪ ነው?» ያለሽን ነገር ደግሞ እርሺው። ስለ ሌላ ነገር ልትበልጪው አትችዪ ይሆናል፤ ከዚያ ሞተር ሥር የነበርሽው ግን አንቺ ነሽ።

አዳማን አትሰርዢ። ልትሰርዢ እያሰብሽ እንደሆነ አልጻፍሽም፣ ግን እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የሚጽፍ ልጅ ሌሊት ሌሊት ያስበዋል። ከአዳማ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየሳምንቱ አይመጣም፣ በየወሩ ግን ይመጣል። የሚመቹሽን ቀኖች አሁኑኑ ከአባትሽ ጋር ቁጠሩ። በዓል ያለበትን፣ ደመወዝ የወጣበትን ቅዳሜ። በጥርና በየካቲት መሃል ሞተሩን አውርዱ፤ እሱ ብቻውን ሊያወርደው የማይገባው ነገር እሱ ነው። ጠረጋውን፣ ኖራውን፣ ቀለሙን በሌለሽበት ይሠራል። መቆረጥና መበየድ ያለበትን በጠመኔ ከቦ ይጠብቅሽ። አባትሽ «ጎሽ» ብሎ ዝም ያለው ስላልከፋው አይደለም። ከፍቶት ጎሽ ማለቱ ግን ምን ያህል ደስ እንዳለውም ይነግርሻል።

እናትሽን አልረሳሁም። ሰርቪስ ቤቱ ለጊዜው ይዘገያል። ያን ቀን እልል ያለች ሴት ግን ጀልባውን ጠልታዋለች ብዬ አላምንም፤ ማንም መቼ እንደሚያልቅ ስለማይነግራት ነው። ኖራው ሲቀባ ጥሯት፣ ማለዳ ቀድማችሁ የምታየው እሷ ትሁን።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በሚመጣው ሳምንት ገበያ ውጪና በልክሽ የሆነ የብየዳ ጓንት ግዢ። አዛውንቱን ስለ ስምሽ ብነግራቸው አልሳቁም። በሰፊ ጓንት ኤሌክትሮዱ ይንሸራተታል፣ ፍምም በእጅጌው ይገባል አሉ። የአባትሽን ጓንት ሞርሳው ላይ ተይው፣ የእሱ ነው።